የካታላኑ ሸራ

ኦክላንድ፣ ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ተክለጻድቅ ሳህሌ፣

ሰላምታዬ ከወገብዎ ሕመም ቀድሞ ይድረስዎ። ጆሮዎ እንደምን ነው? ባለፈው ስደውል እርስዎ «ጮክ በይ» ሲሉኝ፣ እኔ ስጮህ፣ የታችኛው ጎረቤት ኮርኒሱን እየደበደበ ዝም አሰኘኝ። ከእንግዲህ ወረቀት ይሻለናል። እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን። ልጄ ዮዲ ሳን ሆዜ ሥራ ይዛለች። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲሁ ተስማምተን እንኖራለን።

ይህን የሚያደርስልዎ ሰረቀብርሃን የደብራችን ሰው ነው። እናቱን ሊያይ ነው የሚመጣው። በሻንጣው ውስጥ በርክሌ ካለው የሰዓሊ ዕቃ መደብር የገዛሁልዎ የዘይት ቀለምና ብሩሽ አለ። በየደብሩ ሲስሉ ያንን የሚሰነጣጠቅ ቀለም ሲራገሙ ስለምሰማ ነው።

ከቀለሙ ጋር አንድ የተጠቀለለ ሸራ አለ። እሱን ከእጅዎ እንዳያወጡት። የልጄ የህዝቅያስ መታሰቢያ ነው። ቤቴ እሳት ቢነሳ ከዕቃዬ ሁሉ እሱን ብቻ ነው ይዤ የምወጣው። ዝርዝሩን አሁን አልጽፍም፤ ሰረቀብርሃን መልካም ሰው ነው፣ ግን ያልታሸገ ወረቀት ማን ሳያነብ ያልፋል? የማስታምማቸው ሽማግሌ ዐርፈዋል፣ ከዚያ ጋር የተያያዘ ጣጣ አለብኝ። እርስዎ ሰዓሊ ነዎት፣ የሸራ ነገር ያውቁበታል። ከእርስዎ የሚቀርበኝ ሰው የለኝም።

ልጅዎ ዕፀገነት


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዕፀዬ፣

እመቤታችን ከዚያ አገር በረዶና ከክፉ ሰው ዓይን ትሰውርሽ። እኔ አለሁ። ወገቤ መሰላል ላይ ስወጣ ይረሳኛል፣ ስወርድ ያስታውሰኛል።

ሰረቀብርሃን ዕቃውን አንድም ሳያጎድል አስረከበኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ሰማያዊውን ቀለም ስከፍተው ብቻዬን ሳቅሁ፤ በስተርጅና እንዲህ ያለ ቀለም ይመጣልኛል ብዬ አላሰብኩም። እግዜር ይስጥሽ፣ ያንዱን ሺህ ያድርግልሽ።

ሸራውንም ዘርግቼ አየሁት። ጨርቁ ግሩም ነው፣ እዚህ እንዲህ ያለ አይገኝም። እኛ ያገኘነውን አቡጀዴ ሰፍተን፣ ሙጫ ጠጥቶ እስኪጠግብ ቀብተን ነው የምንስለው። ሐሳብሽ ገብቶኛል። ልጁ ካረፈ ጀምሮ ይህን ስጠብቅ ኖሬአለሁ። አፍሽ ባይናገር እጅሽ ተናገረ።

አሁን የምለምንሽ፣ የህዝቅያስን የክርስትና ስምና ከመሞቱ በፊት የተነሳውን ፎቶ ላኪልኝ። ለሙት ዓመቱ ያስፈልገኛል። የወርቅ ቀለምም ብታገኚ አንድ ጠርሙስ።

አጎትሽ ተክለጻድቅ


ኦክላንድ፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

ጥምቀትን በደህና አሳልፈው ከሆነ ደስታዬ ነው። እዚህ በረዶ የለም ብዬ ስንቴ ልንገርዎ! ጭጋግ ነው ያለው።

የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው፤ በጸሎት እንዲያስቡልኝ። ፎቶውንና የወርቅ ቀለሙን ልኬአለሁ፤ መንገደኛዋ የታመነች ሴት ናት፣ ፖስታውንም አሽጌዋለሁ። ስለዚህ አሁን የሸራውን ነገር ከሥሩ ልንገርዎ።

በርክሌ ኮረብታው ላይ ስንት ዓመት ያስታመምኳቸው ሽማግሌ ሚስተር ኦሌገር ይባላሉ፤ ካታላን ናቸው፣ በልጅነታቸው ከባርሴሎና አጠገብ ከጦርነት የሸሹ። ሰዓሊ ነበሩ። ግን ሰው ወይም ዛፍ አይስሉም። ሕልም ያየ ሰው ቀለም የደፋ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ላይ እኔም ስቄባቸዋለሁ። «ይኼ ምንድን ነው?» ስላቸው «አንቺ ምን ታስቢያለሽ?» ይሉኛል። እኔን የምታሳስበኝ የሥራ ሰዓቴ፣ ሺፍቴ ናት እላቸው ነበር።

ህዝቅያስ ከሳን ሆዜ ሲመለስ ሀይዌይ ላይ የቀረ ጊዜ፣ ከቀብሩ በኋላ ሥራ ስገባ ምንም አልጠየቁኝም። አንድ ቀን ሾርባ ሳጎርሳቸው «ልጅሽ ሲስቅ ምን ያደርግ ነበር?» አሉኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም እንዴት እንደሞተ ነው የሚጠይቀው። «ግራ ትከሻውን ከፍ ያደርጋል» አልኳቸው፤ ከዚያ ለብቻዬ ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ክረምቱን ሙሉ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሳሉት። ሜዳው ሰማያዊ ነው፣ መሐሉ ላይ ቢጫ ነገር አለ፣ ከታች አንዲት ጥቁር መስመር ትነሳና ወደ ግራ ከፍ ትላለች። ያቺ መስመር እሱ ነው፣ ጋሼ። እምልልዎታለሁ። ፎቶ ላይ የሌለው ሳቁ እሷ ላይ አለ። ሰው ቢያይ አያውቀውም፤ እኔ ግን ስገባ ስወጣ ደህና ዋልክ እለዋለሁ።

ሽማግሌው «ያንቺ ነው» ብለው ሰጡኝ እንጂ ወረቀት አልጻፉልኝም። እንደሞቱ የእህታቸው ልጅ ከባርሴሎና ጠበቃ ቀጥራ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ማስቆጠር ጀመረች። አስታማሚ አድርጎ የቀጠረኝ ኤጀንሲ ደግሞ ከታማሚ ስጦታ መቀበልን አይፈቅድም። ሌባ ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከእንጨቱ አላቅቄ ወደ እርስዎ የላክሁት ለዚህ ነው። ከእርጥበትና ከአይጥ ይጠብቁልኝ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

ልጅዎ ዕፀገነት


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለዕፀገነት፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። ጾሙን በሰላም ፈታን።

ወርቁም ፎቶውም ደርሶኛል። ልጁ እንዴት አምሮበት ኖሯል! ግንባሩ የአባትሽ ነው። መልስ ያዘገየሁት ሥራ ስለበዛብኝ ነው፤ የደብራችን አዲሱ ሕንፃ ግድግዳ ተለስኖ አልቆ የሰበካ ጉባኤው ቶሎ በል ይለኛል።

ስለ ሸራው አትጨነቂ። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነው ያለው። አንቺ እንደምን ነሽ? ደም ግፊትሽስ? ለሰኔ ሚካኤል ብትመጪ እንዴት ጥሩ ነበር። ዮዲንም ይዘሻት ብትመጪ።

አጎትሽ


ኦክላንድ፣ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

እልል ይበሉልኝ! እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት እውነት ነው።

የሽማግሌው የእህት ልጅ፣ ኑሪያ ትባላለች፣ ኢሜይል አደረገችልኝ። አላሜዳ ቡና ቤት ተገናኘን። ዮዲ «ማሚ፣ ጀስት ብሪዝ»፣ ተንፍሺ እያለች ክንዴን ይዛኝ ነው የሄድኩት። ሴትዮዋ ገና ሳልቀመጥ «አጎቴ ለአንቺ ስለሰጠው ሥዕል በስልክ ነግሮኛል፣ ደህና ነው ወይ?» አለችኝ። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኋት፣ አለቀሰች። ያንቺ ነው አለች፣ ማንም አይነካብሽም። እኔ ደግሞ ስንት ወር እንቅልፍ አጥቼ!

አሁን በመስከረም በርክሌ የሽማግሌውን ሥዕሎች ኤግዚቢሽን ታደርጋለች። የህዝቅያስን ሥዕል በመካከል ልትሰቅለው ትፈልጋለች፣ ከዚያ ለእኔ ትመልሳለች። ሽማግሌው ርእስ ሰጥተውት ኖሯል፤ «የሳቀው ልጅ» ይባላል። ጋሼ፣ ልጄን ሰው ቆሞ ሊያየው ነው።

ሰረቀብርሃን የሚመለሰው በሐምሌ ነው። በጥንቃቄ ጠቅልለው ይስጡት፤ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ አይጠቅልሉት። ለእርስዎማ ይህን መንገር ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ነው።

ልጅዎ ዕፀገነት


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለዕፀገነት፣

እንኳን ጾመ ፍልሰታን በሰላም አስፈጸመሽ። ሰረቀብርሃን ሁለት ጊዜ እቤት መጥቶ አጥቶኛል። እውነቱን ለመናገር ነበርኩ፤ በሩን አልከፈትኩለትም።

በፖስታው ውስጥ ፎቶ አለ። ተቀምጠሽ እዪው። ቅዱስ ሚካኤል ነው፣ ሰይፉን መዞ። ከእግሩ ሥር በስተቀኝ ነጠላ አጣፍቶ የቆመው ህዝቅያስ ነው። ከሥሩ «ኃይለ ሚካኤል ህዝቅያስ፣ እናቱ ዕፀገነት ያሳለችው» ይላል። ሰኔ 12 በሕዝብ ፊት ተመርቋል፣ ሜሮን ተቀብቷል። ወይዛዝርቱ እልል ሲሉ አንቺን አሰብኩ።

ሸራው ያንቺው ሸራ ነው። ቀለምና ሸራ አብረሽ ስትልኪ፣ «የህዝቅያስ መታሰቢያ ነው» ስትዪ፣ ሌላ ምን ላስብ? እዚህ ሸራ ልኮ መታሰቢያ ያለ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ይህንን ነው። በላዩ የነበረው ቀለም ሰው ብሩሹን የጠረገበት መስሎኝ ነው። እኛ አሮጌ ሸራ ነጭ ቀብተን እንደገና እንደምንስልበት ታውቂያለሽ። ደብዳቤሽ ዘገየ፣ ልጄ። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ።

አጎትሽ ተክለጻድቅ


ኦክላንድ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክለጻድቅ፣

እንኳን አደረሰዎ ብዬ መጀመር አልቻልኩም፣ ይቅር ይበሉኝ።

ፎቶውን ሳየው አልጮኽኩም። ዮዲ ናት የጮኸችው። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ፎቶውን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ከኋላው ይኖር ይመስል። ወይኔ ልጄን! ሁለተኛ ቀበርኩት።

ሰው ብሩሹን የጠረገበት መሰለኝ ይሉኛል? የጥር ደብዳቤዬ ከወርቁ ጋር፣ በአንድ ቦርሳ ነው የመጣው። ወርቁ ሲደርስዎ ደብዳቤው የት ነበር? እኔው በእጄ በላክሁት ወርቅ አክሊል ሠሩበት! ግንቦት ላይ «በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነው» ብለው ጻፉልኝ፣ እኔም እግዜር ይስጥልኝ አልኩ፣ ሞኟ። አደራ በላ የሚባለውን ቃል በሌላ ሰው ላይ ሲሰማ የኖረ ቤተሰብ ነን፤ በእኛ ላይ ደረሰ።

ያንን ፎቶ ላይ ያለውን ልጅም አየሁት። አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። የእኔ ልጅ አንገቱን ደፍቶ አያውቅም። ነጠላም ከጥምቀቱ ቀን በቀር አልለበሰም።

ኑሪያ አንድ የሥዕል ጠጋኝ አገናኘችኝ። የላዩ ቀለም ገና ለጋ ስለሆነ በባለሙያ ሊነሳ ይችላል ብሎኛል። ሸራውን አውርደው ይላኩልኝ። ለደብሩ በምትኩ ሌላ ሚካኤል አስዬ እሰጣለሁ፣ ሁለት ከፈለጉም ሁለት። ኧረ በሕግ አምላክ፣ ጋሼ። በአባቴ አጥንት ይዤዎታለሁ።

ዕፀገነት


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዕፀገነት፣

ሸራው አይወርድም። ከግድግዳው ጋር በሙጫ ተለጥፏል፣ ሜሮን ነክቶታል። የሰበካ ጉባኤውን ጠየቅሁ፤ «አብደሃል?» አሉኝ። ሰዎች እየተሳለሙት ነው። ሚካኤልን በቢላ ፋቀ እንድባል ነው የምትፈልጊው? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ሰድበሽኛል፣ ይሁን። እንግዲህ እኔም ልናገር፤ ሁለተኛ ይህንን አልጽፈውም።

ብሩሽ የተጠረገበት መሰለኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። ዕድሜ ልኩን ብሩሽ የያዘ ሰው የሌላውን እጅ ይስተዋል? ሥዕል እንደሆነ ገና ስዘረጋው ዐውቄአለሁ። እኔ ሥዕል ብዬ የምጠራው ዓይነት አይደለም እንጂ ሰውየው እጁን ያውቀዋል። ያቺ መስመር በአንድ ትንፋሽ የተሰመረች ናት፤ እኔ እንደሷ አልችልም።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ነጩን ቀብቼ ጨርሻለሁ። ግን ነጩ አልደረቀም ነበር። በጨርቅና በዘይት ላነሳው እችል ነበር። አላነሳሁትም።

ለምን በይኛ! ልጁ የሞተ ጊዜ ፎቶውን ላኪልኝ፣ ከሚካኤል እግር ሥር ልሳለው ብዬ ለመንኩሽ። «አሁን አልችልም ጋሼ» አልሽኝ። በዓመቱ ለመንኩሽ፣ አልችልም። በየዓመቱ አልችልም። ከዚያ በኋላ ያ የጥር ደብዳቤሽ መጣልኝ። ለእኔ ያልቻልሽውን ሾርባ እያጎረስሽ ለካታላን ነገርሽው! በትከሻዬ ተሸክሜ ጥምቀት ያሳየሁት እኔ፣ ኤርፖርት ስትሄዱ አንገቴን አልለቅም ያለው እኔን፣ ሲስቅ ምን እንደሚያደርግ ከባዕድ ሰው ሥዕል ልማር? አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ሰዓሊ አጎት እያለሽ!

አሁን ሁሉን ዐወቅሽ።

ተክለጻድቅ


ኦክላንድ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክለጻድቅ፣

እውነቱን ስለነገሩኝ አላመሰግንዎም። ዘግይቷል።

ፎቶውን ያልላክሁልዎ ስለናቅኩዎ አይደለም። እርስዎ ከሳሉት ሞቷል ማለት ስለሆነ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከመልአክ እግር ሥር ሲቆም ላየው አልቻልኩም። ሽማግሌው የሞተ ልጅ አልሳሉልኝም፣ የሚስቅ ልጅ ነው የሳሉልኝ። ይህን እንኳ ሳልነግርዎ ሊገባዎ ይገባ ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ያለ እሱ ተከፍቶ ተዘጋ። ሄጄ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየዞርኩ አየሁ። ሰዎች ወይን ጠጅ ይዘው ይስቃሉ። ሠላሳ ደቂቃ አልቆየሁም።

ከሚካኤል ጋር ጠብ የለኝም። እሱ እዚያው ይኑር። አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ፤ ልጁንና ስሙን ይፋቁልኝ። የእኔንም ስም። እኔ ያንን አላሳልኩም። ያ ልጅ የእርስዎ እንጂ የእኔ አይደለም። እንዲሰግዱበት አልፈልግም፣ «ነፍስ ይማር» እያሉ እንዲያልፉም አልፈልግም።

ይህን ከከለከሉኝ ለሰበካ ጉባኤው እኔው እጽፋለሁ።

ዕፀገነት


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዕፀገነት፣

እንዳልሽው አድርጌአለሁ። ሰበካ ጉባኤው ይከለክለኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ምንም ሳያንገራግሩ ፈቀዱ። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ለሟች እናቱ ከሚካኤል ሥር ቦታ ሲለምን ኖሯል።

ልጁን ራሴ ፋቅሁት። መጀመሪያ ስሙን፣ ከዚያ ነጠላውን፣ ፊቱን መጨረሻ። ሳምንት ሳይሞላ ነጋዴው ፎቶ ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ሰፋ ያሉ ናቸው፤ የህዝቅያስ ቦታ አልበቃቸው ብሎ ከሚካኤል ካባ ጫፍ ቀነስኩላቸው። እኔው ነኝ የሳልኳቸው። ስማቸውንም እኔው ጻፍኩ። እምቢ ብል ለሌላ ሰዓሊ ይሰጡት ነበር። ሰው ሁሉ በጣም ይመስላሉ ይላል።

ከዚያ ወዲህ መሰላል አልወጣሁም። የደብሩን ቁልፍ መለስኩ።

ይቅርታ ብለምንሽ እንደማትሰጪኝ ዐውቃለሁ፣ እኔም ብሆን አልሰጥም። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ቪዛ ይሰጡኝ እንደሆነ አንድ ጊዜ መጥቼ መቃብሩን ልየው። ቆሜ ስሙን አንብቤ ልመለስ። ሌላ አልጠይቅሽም።

አጎትሽ ተክለጻድቅ


ኦክላንድ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ተክለጻድቅ ሳህሌ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የተፋቀው መፋቁን፣ የተሳሉትም መሳላቸውን ተረድቻለሁ። ለሴትዮዋ ነፍስ ይማር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዮዲ ጋር ሳን ሆዜ መቃብሩ ጋ ሄደን ነበር። ሣሩን ዐጭደውታል። ድንጋዩን በውሃ አጠብነው። ዮዲ አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ሥራዋ ስትነግረው ቆየች፣ በእንግሊዝኛ፤ እሱም ከእሷ ጋር እንደዚያው ነበር የሚያወራው።

የግብዣ ወረቀት አልልክልዎም። እንግዲህ የልጄ ስም ተጽፎ የቀረው እዚያ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። እሱም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ቢመጡም አያነቡትም።

ዕፀገነት